በቀይ እስክሪብቶ የመጣ ጎርፍ

ቆቦ ላይ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንደዚያ ሥልጠና ያናደደኝ ነገር ግን አላስታውስም። ሁለት ቀን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ አጉረው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» አሉን። ድንቄም አስተውሎት! አሠልጣኙ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ «ከእንግዲህ መምህር ማለት ጥሩ ጠያቂ ማለት ነው፤ ማሽኑን በደንብ ካዘዛችሁት ታሪኩን ከእናንተ አሳምሮ ይተርክላችኋል» ይለናል። ትእዛዙን «ፕሮምፕት» ይሉታል። ከኋላ ወንበር ሆኜ ሳፌዝበት ዋልኩ። አጠገቤ ለተቀመጠችው የጂኦግራፊ መምህርት «እኔ ይሄን ነገር ከነካሁ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል» አልኳት።

ወር እንኳ አልቆየሁም። የሰባ ሰባቱን ድርቅ ለአሥረኛ ክፍል ማስተማር ነበረብኝ፤ አራት ክፍል፣ በየክፍሉ ከስልሳ በላይ ተማሪ። የያዝኩት መጽሐፍ ስለ እኛ ቆላ አንዲት መስመር የለውም። ያ ሁሉ ፌዜ የት እንደገባ እንጃ፣ ስልኬን አውጥቼ «በሰባ ሰባት የቆቦ ቆላ ሕዝብ ለምን እንደተራበ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ በቀላሉ አስረዳ፤ የፈተና ጥያቄም ከነመልሱ አዘጋጅ» ብዬ ጻፍኩ። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ሁለት ገጽ አወረደልኝ። አማርኛው እንደ ካድሬ ንግግር የለሰለሰ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ገረፍ ገረፍ አድርጌ አየሁና አባዝቼ አደልኩት።

ሁለተኛው ገጽ ምን እንደሚል ልንገራችሁ። ድርቁን ተከትሎ ከባድ ጎርፍ መጣና የተረፈውን ሰብል ጠራርጎ ወሰደ ይላል። ጎርፍ! ቆቦ ላይ! ሌላ አገር ጎርፍ መጣ ሲባል ሰው ይሸሻል፤ እኛ ዘንድ አካፋውን ይዞ ወደ ጎርፉ ይሮጣል። ቆላው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ይወርድልናል፤ ገበሬው በቦይ ጠልፎ ማሳው ውስጥ ያስገባዋል፤ ማሽላችን የሚበቅለው በዚያ ነው። ደጋው ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ከየቤቱ አንድ ሰው ቦዩ አፍ ላይ ሌት ተቀን ይጠብቃል። ጎርፉ ያመለጠው ሰው የዓመት ቀለቡ አመለጠው ማለት ነው። ማሽኑ ይህን ባያውቅ አይገርመኝም፤ ጭቃ ረግጦ አያውቅ። እኔ ግን በዚያው ማሽላ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ገጹን ገልጬ ለማየት ሰነፍኩ።

ፈተናው ደረሰ። «ለምን ተራበ?» ለሚለው ሁሉም «ጎርፍ ሰብሉን ስላወደመ» ብለው ጻፉ። የገበሬ ልጆች፣ ጎርፍ ሲመጣ እናቶቻቸው እልል ሲሉ የሰሙ ልጆች! መምህር የሰጠው ወረቀት ነዋ። አንዲት ልጅ ብቻ «ጎርፍ ስላልመጣ» ብላ ጻፈች። እኔ ሁለት መቶ ምናምን ወረቀት ተከምሮብኝ፣ የማሽኑን መልስ ከጎኔ ዘርግቼ፣ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ሰጠኋት። አልበቃኝም፤ «ተሳስተሻል። በዚያ ዓመት ጎርፍ መጥቷል፤ ማስታወሻሽን አንብቢ» ብዬ ጻፍኩበት። እጄ ጻፈ እንጂ ጭንቅላቴ እዚያ አልነበረም።

ወረቀቱን በመለስኩ በሦስተኛው ቀን የልጅቷ አባት ከጎብዬ ከተማ ወዲያ ካለው ቀበሌያቸው መጡ። ሃምሳን ያለፉ ገበሬ ናቸው። ለማርክ ሊከራከሩ የመጡ መስሎኝ ፊቴን አኮሳተርኩ። ከሰላምታ በኋላ የልጃቸውን ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ማንበብ አይችሉም፤ ጣታቸውን ግን ቀዩ ጽሑፍ ላይ አሳረፉ።

«መምህር፣ ልጄ አነበበችልኝ። ጎርፉ መጥቷል ነው የሚለው?»

«አዎ፣ እሱማ... ምን መሰልዎት...»

«በየት በኩል ወረደ?»

ያኔ ነው የጻፍኩት የገባኝ።

«ያን ክረምት ቦዩን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ» አሉኝ። «አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። አባቴ ታሞ ተኝቷል፤ ጠብቅ አለኝ፣ ጠበቅሁ። አልመጣም። አባቴም ሁለቱ እህቶቼም አለቁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም ብዬ ነው የኖርኩት።» ጣታቸውን ከቀዩ ጽሑፍ ላይ አላነሱም። «እንቅልፍ ጥሎኝ አልፎኝ ይሆን? የተማረ ሰው እንግዲህ ያለ ነገር አይጽፍም።»

ወላሂ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያፌዝኩበት አሠልጣኝ ቢያንስ አገሩን አያውቀውም፤ እኔ ምን ሰበብ አለኝ? ማሽን ነው ያለው ልበላቸው? ማሽኑ ልጃቸውን ተሳስተሻል አላላትም፤ እኔ ነኝ ያልኳት።

«አልመጣም» አልኳቸው። «ጠብታ አልወረደም። እርስዎ አላጠፉም። ሳላነብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አፉ ይበሉኝ።»

ወረቀቱን ወደ እኔ አስጠጉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያው ጻፍልኝ» አሉ።

ኤክሱን ሰርዤ «ልጅቷ ትክክል ናት፤ በሰባ ሰባት ጎርፍ አልመጣም» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ መልሰው ሰጡኝ። ምን ያድርጉ፤ ያም ይሄም የኔው እጅ ጽሑፍ ነው፤ የትኛውን ይመኑ?

«ማህተም ይኑረው» አሉኝ።

ቢሮ ይዣቸው ገባሁ። ጸሐፊዋ «ኧረ መምህር፣ በፈተና ወረቀት ላይ ማህተም አይመታም» ብላ ልትስቅ ስትል ፊቴን አይታ ተወችው። ማህተሙን ራሴ አንስቼ መታሁት። ሰውየው ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት፤ ክቡን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «አልተኛሁም።»