ለአሥራ አንድ ዓሣዎች የሚሆን ውሃ

ኖላ ፒከት የቧንቧ ውሃ ከጠጣች ሃያ ስድስት ዓመት አልፏታል። የኩራንዲ ከተማ የቧንቧ ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ ማንቆርቆሪያን በነጭ ቅርፊት ይለብጣል፣ ሳሙናን አረፋ ይነሳል፣ የሻይን ጣዕም ይገድላል። እሷ ግን ባሏ ሌን ከመሞቱ በፊት በጓሮ ያቆመው የቆርቆሮ ታንከር አላት። ጣሪያዋ ላይ የወረደ ዝናብ ሁሉ እዚያ ይገባል። እንግዳ ሲመጣባት ከወንበር በፊት ብርጭቆ ታቀርባለች፤ «ቅመሰው፤ ውሃ ማለት ይህ ነው» ትላለች። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ስለኖረች፣ በውሃ ነገር ከእሷ ጋር የሚከራከር ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

ከመንገዱ ማዶ ክሌም ሆሊስ ይኖራል። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። ሚስቱም እኩዮቹም ካለቁ ወዲህ አብረውት የቀሩት አሥራ አንድ ቀስተ ደመና ዓሣዎች ናቸው፤ ጣት የሚያህሉ፣ ጎናቸው በፀሐይ ሰማያዊና ቀይ የሚሆን። እናቶቻቸውን፣ የእናቶቻቸውንም እናቶች በዚያው በሳሎኑ ገንዳ ሠላሳ ዓመት አርብቷል።

አንድ ቀን ኖላ እንቁላል ልታደርስለት ስትገባ ክሌም ገንዳው ፊት ተቀምጦ ነበር።

«ቦታ ተገኘልኝ» አላት። «በአረጋውያኑ ቤት። የዛሬ አምስት ሳምንት፣ ቅዳሜ። ልጄ ግራንት ይወስደኛል።»

«እነሱስ?»

«እዚያ ዓሣ አይፈቀድም። ግራንት ከኬርንስ ከተማ የዓሣ ነጋዴ ፈልጓል። ነጋዴው ከሌሎች ጋር ይቀላቅላቸዋል፤ በዓመቱ የኔ ዘር የሚባል አይኖርም።»

«እኔ ጋ ይምጡ።»

«አንቺ ዓሣ አሳድገሽ ታውቂያለሽ?»

«ዶሮ አሳድጌያለሁ።»

«ዶሮ ሽንቷ ውስጥ አትዋኝም፣ የኔ እመቤት።»

ግን ዓይኑ በራ። በዚያው ቀን ማስተማር ጀመረ። ዓሣ የሚጥለው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ያን መርዝ የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ሌላ መርዝ ይተዋሉ። ሁለተኛውን መርዝ የሚበሉ ሌሎች አሉ፤ የእነሱ ትራፊ ካልበዛ ዓሣ አይጎዳም። እነዚህ ሁለት ጭፍሮች በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ እስኪሰፍሩ ድረስ አዲስ ገንዳ፣ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ መቃብር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ያለ ዓሣ አሞኒያ እያንጠባጠቡ እነሱን መቀለብ ያስፈልጋል።

ክሌም ከራሱ ማጣሪያ ስፖንጅ ግማሹን በመቀስ ቆርጦ ሰጣት። አሞኒያውን፣ መመርመሪያ ብልቃጦቹን፣ የቀለም ካርዱንና አንድ ትንሽ ጠርሙስም ጨመረላት። «ይቺ ክሎሪን ታጠፋለች። ገንዳውን ከቧንቧ ሙዪና ከዚህ ጠብ አድርጊበት። ገባሽ?»

«እሺ» አለች ኖላ።

ቤቷ ገብታ ለዚሁ ከነማጣሪያው የገዛችውን አዲስ የመስታወት ገንዳ ጠረጴዛ ላይ አቆመች፤ ቧንቧውን አየችው። ለሰው የማታቀርበውን ውሃ ለአዲሶቹ እንግዶቿ ልትሰጥ ነው? ባልዲዋን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። አሥራ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ትንሿን ጠርሙስ ሳትከፍታት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠቻት።

ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ክሌም ይደውላል።

«ዛሬስ ምን ቀለም ነው?»

«የመጀመሪያው አረንጓዴ።»

«አሞኒያው አለ ማለት ነው። ቢጫ ሲሆን አልቋል። ጠብቂ።»

በአሥረኛው ቀን አረንጓዴው ሳሳ። በሁለተኛው ብልቃጥ ደግሞ ሰማያዊ የነበረው ወደ ሐምራዊ ዞረ፤ ሁለተኛው መርዝ መጣ ማለት ነው። ክሌም በስልክ እንደ ልጅ ሳቀ። ኖላም ባዶውን ገንዳ ቁጭ ብላ ማየት ለመደች። ውሃና ስፖንጅ ብቻ ነው፤ ግን አንድ ነገር እየኖረበት እንደሆነ ይሰማታል። ቤቷ ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚተነፍስ ነገር ከጠፋ ቆይቷል።

ከዚያ ነገሩ ቆመ። አሥራ ስድስተኛው ቀን አረንጓዴና ሐምራዊ፤ ሃያኛው ቀንም አረንጓዴና ሐምራዊ። ቆሻሻ የመሰለውን ነገር በንጹሕ ማሸነፍ የዕድሜ ልክ ሥራዋ ነበርና፣ የገንዳውን ግማሽ ደፍታ ከታንከሩ አዲስ ውሃ ሞላች። ለአንድ ቀን ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፤ አሞኒያ ስትጨምር ተመልሶ ያው ነው። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

በሃያ አምስተኛው ቀን ክሌም አልሳቀም። «የሚመጣው ረቡዕ ቢጫ ካላየሽ ነጋዴው ይምጣ። ባንቺ ገንዳ ከሚሞቱብኝ ቢቀላቀሉ ይሻላል።»

በማግስቱ ከመመርመሪያው ጋር የመጣውን ወረቀት በአጉሊ መነጽር ከላይ እስከ ታች አነበበች። ክሌም ያልነገራት ሌላ ብልቃጥ ነበረ፤ የውሃን ኮምጣጣነት የሚለካ። ውሃ ቀድታ ጠብ አደረገችበት። ቢጫ ሆነ። ቢጫ ጥሩው ቀለም አልነበር? ካርዱን ስታይ ግን የዚህኛው ቢጫ ከሁሉም በታች ነው። ከዚያ በታች የተሳለ ቀለም የለም።

ብልቃጧን እንደያዘች መንገዱን ተሻገረች።

«ክሌም፣ ይቺን እያት።»

መነጽሩን አጠለቀ። ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣት። «ይህ ውሃ ከየት መጣ?»

«ከገንዳው።»

«ወደ ገንዳውስ?»

ኖላ መስኮቱን አየች። «ከሌን ታንከር።»

የክሌም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መሰላት፤ እየሳቀ ነበር።

«ወር ሊሞላ ነው እኮ! በየጠዋቱ ዋሸሽኝ?»

«ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ ውሃው አልጠየቅከኝም።»

«ከቧንቧ ሙዪ ብዬሽ እሺ ብለሽኛል፣ አንቺ ግትር።»

«የጉድጓድ ውሃ ለዶሮ እንኳ አልሰጥም።»

«ስሚኝ» አለና ሳቁን ዋጠ። «የሌን ውሃ ንጹሕ ነው። ጣጣውም ይኸው ነው፤ ባዶ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ አሲድ ያወጣሉ። ያን አሲድ የሚያበርደው ማንቆርቆሪያሽን የሚለብጠው ነጩ ድንጋይ ነው። እሱ ከሌለ ራሳቸው ባኮመጠጡት ውሃ ይደነዝዛሉ። አንቺ ደግሞ የነበረውንም እያጠብሽ አወጣሽባቸው።»

ኖላ ወንበር ሳበች። ሌን መሰላሉ ላይ ሆኖ አሸንዳውን ሲበይድ ታያት። «ለዘላለም የሚሆን ውሃ ብሎ ነው የሠራልኝ» አለች ቀስ ብላ።

«ለሻይ ነው የሠራልሽ» አላት ክሌም። «ለሻይ ደግሞ የሚወዳደረው የለም። እነሱ ሻይ አይጠጡም።»

ከዚያ የምታደርገውን ነገራት። ሦስት አራተኛውን ደፍታ ከቧንቧ ትሙላ፤ ክሎሪን ማጥፊያዋን አትርሳ። ለዶሮዎቿ የምትበትነውን የተፈጨ ዛጎል አንድ እፍኝ አጥባ፣ በአሮጌ የናይሎን ካልሲ ቋጥራ ማጣሪያው ውስጥ ትክተት፤ ዛጎሉ ቀስ እያለ እየሟሟ ውሃውን ያጸናዋል። ሲረጋጋ የሌንን ውሃ በመጠኑ ልትቀላቅል ትችላለች።

ኖላ ቧንቧውን ከፈተች። ክሎሪኑ ሸተታት፤ ፊቷን አዞረች እንጂ አልዘጋችውም።

አርብና ቅዳሜ ምንም አልተለወጠም። እሑድ አረንጓዴው የሳሳ መሰላት፤ ዓይኗን ስላላመነች ለክሌም አልነገረችውም። ማክሰኞ የሎሚ ልጣጭ መሰለ። ረቡዕ ጠዋት ስልኩ ሳይጠራ ቀድማ ደወለች።

«ቢጫ ነው።»

«የትኛው ቢጫ?»

«ጥሩው ቢጫ፣ አንተ ሽማግሌ። የኮምጣጣው ብልቃጥ ሰማያዊ ሆኗል።»

«ሐምራዊውስ?»

«አለ። ግን ገርጥቷል።»

«በይ አሞኒያ ጨምሪ። በአንድ ቀን ሁለቱንም ጠራርገው ከበሉ፣ ለነጋዴው እንዳይመጣ እኔው ራሴ እደውልለታለሁ።»

ሐሙስ ትንሽ ሐምራዊ ቀረ፤ ክሌምም ለነጋዴው አልደወለም። ደግማ ጨመረች። አርብ ሁለቱም መርዞች የሉም፤ የቀረው የማይጎዳው ትራፊ ብቻ ነው፤ እሱንም አብዛኛውን ውሃ በመቀየር አሳነሰችው፤ ክሌምም ለነጋዴው ደወለ።

ቅዳሜ ግራንት ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች ተሸክሞ መንገዱን ተሻገረ፤ ክሌም በከዘራው ከኋላ። ዓሣዎቹ ውሃውን እንዲላመዱ በየደቂቃው አንድ ኩባያ ከገንዳው ወደ ባልዲዎቹ እየጨመሩ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ከዚያ አንድ በአንድ በመረብ ገቡ። አሥራ አንዱም እንደ ቆርቆሮ ገርጥተው ከማጣሪያው ኋላ ተጠጋጉ።

«አባዬ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ» አለ ግራንት።

«የአረጋውያኑ ቤት ሰዎች ይጠብቁን። ምሳቸው አይበርድም፤ ቀዝቃዛ ነው የሚሉት።»

ግን ዓሣዎቹ ሳይወጡ ሄደ። ለኖላ እጁን አልሰጣትም፤ መስታወቱን ብቻ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ላይ ፀሐዩ ገንዳው ላይ ሲያርፍ ትልቁ ወንድ ከማጣሪያው ኋላ ወጣ። ክንፉን ዘረጋ፤ ከአፉ እስከ ጭራው ሰማያዊ ሰንበር አበራ። ሌሎቹ ተከተሉት። ስልኩ የጠራው ያኔ ነበር።

«ወጡ?» አለ ክሌም። ከበስተጀርባው የሰሃን ድምፅ ይሰማል።

«ሁሉም። ትልቁ እየተንጎራደደ ነው።»

«ጥሩ» አለ ክሌም። «ዛሬ ምንም እንዳታበያቸው። እስከ ነገ።»

ኖላ ጣቷ ላይ የተጣበቀውን የምግብ ብናኝ አየች። «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ቆንጠር አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ክሌም። አሁን።»

«በሉት?»

«ጠራርገው።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ውሃውን መርምሪ። በአንድ ሰዓት እደውላለሁ።»