የጎርፉ ልክ

ወንዝ ዳር ያለችውን ትንሽ ከተማ የሚጎበኝ ሰው አሮጌውን ድልድይና የሰዓቱን ማማ አይቶ የሚያበቃው ሙዚየሙ ጋ ነው። እዚያ በር የሚከፍቱለት እትዬ ባለቁልፍ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ቤቱን ጠርገዋል፤ ማንም ሳይሾማቸውም አስጎብኝተዋል።

ጎብኚን ሁሉ የሚያስደንቀው በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የነበሩት አራት ቀይ መስመሮች ነበሩ። ወንዙ ሞልቶ ከተማ በገባ ቁጥር ውሃው የደረሰበትን ልክ ያሰመሩት ጀልባ ቀዛፊው ባላቸው ናቸው። እሳቸው አምና አረፉ። ዘንድሮ ደግሞ ቀለም ቀቢው ግድግዳውን ነጭ ቀብቶ መስመሮቹን ቀበራቸው።

"በአፍ ብቻ ታሪክ አይጻፍም" አሉ አዲሱ የሙዚየሙ ኃላፊ፣ እትዬ መስመሮቹ ይመለሱ ቢሏቸው። "ማስረጃ ከሌለ ቦታው ላይ ፎቶ እንሰቅላለን።"

በማግስቱ እትዬ የባላቸውን የጀልባ መግፊያ ዘንግ ተሸክመው መጡ። ሟቹ ግድግዳው ላይ ባሰመሩ ቁጥር ዘንጉን አስደግፈው በዚያው ልክ በቢላ ምልክት ይቆርጡበት ነበር።

"እትዬ፣ ጦርነት አለ እንዴ?" አለ ቀቢው።

"አለ። ካንተ ቀለም ጋር።"

ዘንጉን ወለሉ ላይ አቆሙ። ቀቢው በላይኛው ቁርጥ ትይዩ ፋቀ፣ ፋቀ፤ ምንም የለም። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ።

"ጋሼ ተሳስተው ይሆናላ" አለ ቀቢው።

"ስለያዘው ዓሣ ሲዋሽ ነው የኖረው። ስለ ውሃ ግን አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም!"

ጎንበስ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። የወለሉ ሸክላ የተነጠፈው ከመጨረሻው ጎርፍ በኋላ ነው፤ የድሮው ወለል ግን ከበሩ ሥር ካለው ድንጋይ እኩል ነበር። ድንጋዩ አሁን ከሸክላው አራት ጣት ዝቅ ብሏል።

"ወለሉ ነው ያደገው እንጂ ባሌስ አልተሳሳተም" ብለው ዘንጉን ድንጋዩ ላይ አቆሙት።

ቀቢው አራት ጣት ዝቅ ብሎ ፋቀ። ቀይ ብቅ አለ። ሌሎቹ ሦስቱም ልክ በልካቸው ወጡ። ኃላፊው ራሳቸው በሜትር ለክተው መዘገቡ።

"የለካው ማን ነው ብለን እንጻፍ? ባለቤትዎ?"

"የለም። 'ጀልባ ቀዛፊው' ይበሉ። ባሌ ስለሆነ አይደለም የታመነው።"

ከሰዓት በኋላ አንድ ጎብኚ ከራሱ በላይ ያለውን መስመር ቀና ብሎ አይቶ፣ "እውነት እዚህ ድረስ?" አለ።

እትዬ ዘንጉን አቀበሉት። "ለካዋ ልጄ። ብቻ ድንጋዩ ላይ አቁመው።"