የፈረሰኛው ሰይፍ

በጋሼ ወርክሾፕ ጣት የሚያካክሉ የፕላስቲክ ሰዎች ይሠራሉ። ወታደር በሉት፣ ንጉሥ በሉት፣ እንጨት ፈላጭ በሉት፣ ደንበኛ ያዘዘውን ሁሉ። ቅርጹ ከሻጋታ ይወጣል፣ ወንዶቹ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ያለሰልሱታል፣ ከዚያ መስኮቱ ስር ወዳለው ረጅም ጠረጴዛ መጥቶ ቀለም ይቀባል። የዚያ ጠረጴዛ ራስ የእትዬ ቦታ ነው። እዚያ ቤት ስሟን የሚጠራ የለም። ታናሽ እህቷ እትዬ ስለምትላት ሁሉም፣ በዕድሜ የሚበልጣት ዘበኛ ሳይቀር፣ እትዬ ይላታል።

እትዬ የተመሰገነችው ብረት በመቀባት ነው። ሰይፉን መጀመሪያ ድብን ባለ ጥቁር ትቀባለች። ሲደርቅ ብርማ ቀለም ትነክርና ብሩሹን በጨርቅ ላይ ትጠርገዋለች፣ ቀለም የቀረበት እስከማይመስል ድረስ። ከዚያ ጥቁሩን እየዳበሰች ታልፍበታለች። በመጨረሻም ከአሮጌ የሱፍ ካፖርት በቆረጠችው እራፊ ስታሸው፣ የፕላስቲኩ ወታደር እውነተኛ ብረት የታጠቀ ይመስላል። የእራፊውን ምስጢር ለማንም አልነገረችም። የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለሚጣ።

ሚጣ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት የሚጣ እግር ገና ከወንበር መሬት አይደርስም ነበር። ያሳደገቻት እትዬ ናት፣ ጠጉሯን ያበጠረችላት እትዬ ናት፣ ወርክሾፕ አምጥታ ብሩሽ አያያዝ ያሳየቻትም እትዬ ናት። አሁን ሚጣ ትልቅ ሴትዮ ሆናለች፣ ቅጽል ስሙ ግን አልለቀቃትም። ሁለቱም አላገቡም፤ ባለሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አንድ ማዕድ ይቆርሳሉ፣ በአንድ አውቶቡስ ሄደው በአንድ አውቶቡስ ይመለሳሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ይቺው ሚጣ ተነሥታ «ከዛሬ ጀምሮ ብርማ ቀለም አልነካም» አለች።

«ብረቱን በምን ልትቀቢው ነው? በምራቅሽ?» አለቻት እትዬ፤ ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

ሚጣም አብራ ሳቀች፣ ሥራዋን ግን አልተወችም። ግራጫ፣ ትንሽ ሰማያዊ፣ ትንሽ ቡናማ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ብርሃን ከላይ ሲወርድ ብረቱ የት ላይ እንደሚነጣ፣ የት ላይ እንደሚጠቁር እያሰበች ነጩንና ጥቁሩን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ስትጨርስ ጋሼ ወታደሩን አነሡና ሰይፉን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

«ቆርቆሮ ለጥፈሽበት ነው?»

«ቀለም ነው፣ ጋሼ።»

«እንዴት አድርጎ ቀለም ይሆናል!» አሉና ጠረጴዛውን በሙሉ እየዞሩ አሳዩ። እትዬ ጋ ሲደርሱ «እዪ እስቲ፣ ያስተማርሽው እጅ የት እንደደረሰ» አሏት። እሷም አየች። ደግሞ ዓይን አላት፣ መጥፎው ነገር እሱ ነው። ከእሷ በቀር እዚያ ቤት ያ ሰይፍ ምን ያህል እንደሚያምር በወጉ የገባው ሰው አልነበረም። ሌላው ተደንቆ ወደ ምሳው ሄደ። እሷ ግን ምሳዋን ሳትነካ ሰይፉ ላይ አፍጥጣ ቀረች።

ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አንፈልግለት። እንደ ደረቅ ሳል ነው፣ እንቅ አድርገው ሲይዙት ይብሳል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሚጣ ስትመሰገን የእትዬ ጆሮ ከሦስት ጠረጴዛ ማዶም ይሰማል። እሷን ራሷን ሲያመሰግኗት ደግሞ የማጽናኛ ይመስላታል። እራት ላይ ሚጣ «ነጩን በአንዴ አታመጪውም፣ እትዬ፣ ከግራጫው ውስጥ ቀስ እያልሽ…» ብላ ስትጀምር፣ «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» ትላታለች። ምግቡ ገና ሲያቃጥል።

ነገሩ በዚሁ ቢቀር እንዲሁ እየተቃጠለች በኖረች። ሙዚየሙ ግን ፈረሰኛ አዘዘ። ክንድ የሚያህል፣ የብረት ልብስ የለበሰ፣ ሰይፉን ወደ ላይ የመዘዘ፣ መግቢያው ላይ በመስተዋት ሳጥን የሚቆም። እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቶ አያውቅም። እትዬ የሻጋታው ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንስታ አዲስ እራፊ ቆርጣ ተዘጋጅታ ነበር። ጋሼ ሁሉንም ሰብስበው «ሰይፉንና የብረት ልብሱን ሚጣ» አሉ። ቀጠሉና «እትዬ ደግሞ ልጓሙንና እርካቡን» አሉ።

እትዬ ፈገግ አለች። ደጅ ወጥታ የእጅ መታጠቢያው ጋ ስትደርስ ነው ፊቷ የወረደው። «እሷ ጀግናውን ታለብሳለች፣ እኔ ፈረስ አስጌጣለሁ» አለች ለቧንቧው። ዕድሜዋን ሙሉ የለፋችው ለዚህ ነው? እጄ አመድ አፋሽ ነው አለች፤ ያሳደግኩት ልጅ፣ ብሩሽ ያስያዝኩት ልጅ ቦታዬን ወሰደብኝ።

በሳምንቱ ጋሼ መቆሚያውን ከሚሠራው አናጢ ጋር ሙዚየም ሄዳ ሳጥኑን አይታ እንድትመጣ ላኳት፤ የመቆሚያውን ልክ ከእሷ የተሻለ የሚያይ የለም ብለው። ሳጥኑ ቆንጆ ነበር። አናጢው ሜትሩን ዘርግቶ ሲለካ፣ እትዬ የመብራቱን ቦታ አየች። መብራቱ ከታች ነው። ከሳጥኑ ወለል ተነሥቶ ወደ ላይ ያበራል፤ ገመዱም ከወለሉ እብነ በረድ ስር ተቀብሯል።

ወዲያው ገባት። የእሷ ብርማ ቀለም ከየትም ቢበራበት ያብረቀርቃል፤ ብርሃኑ ሲዞር አብሮ ይዞራል። የሚጣ ብረት ግን ብርሃኑም ጥላውም የተሣለ ነው፣ ከላይ እንደሚወርድ ሆኖ። ከታች ሲበራበት ጥላው የሚበራበት፣ ነጩ የሚጨልምበት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ልቧ ድንግጥ አለ። ከድንጋጤው ቀጥሎ የመጣው ግን ደስታ ነበር። ይህን ደስታ ከሌላው ሰው ሁሉ ደብቃው ይሆናል፣ ከራሷ ግን መደበቅ አልቻለችም።

ስትመለስ ሚጣ ብሩሿን ይዛ ቀና አለች። «መጣሽ? ሳጥኑ ይበቃዋል?»

«ይበቃዋል።»

«መብራቱስ ከየት ነው?»

«ከላይ ነዋ!» አለች እትዬ ነጠላ ጫማዋን እየቀየረች። «መብራት ከየት ሊሆን ኖሯል?»

ነገ እነግራታለሁ አለች በልቧ። በነጋታው ቃሉ አፏ ላይ መጥቶ ተመለሰ። በሌላው ቀን ደግሞ ጋሼ የሚጣን ትከሻ መታ መታ ሲያደርጉ አየችና ጭራሽ ዋጠችው። ሰይፉም እያደር አማረ። ስለቱ ላይ ፀጉር የመሰለች ነጭ መስመር ወጣች፤ ሆዱ ላይ የደመና ጥላ የመሰለ ሰማያዊ ገባ። እትዬ እርካቧን እያሸች በጎሪጥ ታየዋለች። እንዲህ ያለ ብረት በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አናጢው መቆሚያውን ይዞ መጣ፤ ሚጣ አጠገብ ቆሞም ትንሽ አወራ። የዚያን ዕለት ሚጣ እራት ላይ ስለ ቀለም አላነሣችም። ሳህን ሲያነሡ «እትዬ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አለቻት።

«የምን ነገር?»

«እንዲያው ነው።»

የርክክቡ ቀን ፈረሰኛው ሳጥኑ ውስጥ ገባ፣ መብራቱም በራ። ሰይፉ ቀለም የተቀባ እንጨት ሆኖ ቁጭ አለ። የብረት ልብሱ ጭቃ የተረጨበት መሰለ። ከታች ግን ልጓሙና እርካቡ እሳት እንደያዛቸው ያበራሉ።

የሙዚየሙ ኃላፊ አንገታቸውን አዘነበሉና «ፈረሱ ከጌታው በለጠ» አሉ። መብራቱን ለማዛወር እብነ በረዱን መፈንቀል ያስፈልጋል፤ ለምረቃው የተጠሩት እንግዶች ደግሞ የሚመጡት በነጋታው ነው። ጋሼ ዞር ብለው እትዬን አዩ።

«እትዬ፣ ያለሽን እጅ አውጪ። ሰይፉንም ልብሱንም በአንቺው ብርማ ሸፍኚልኝ፣ አዋርደሽ አታስቀሪኝ።»

ይኸው፣ የተመኘችው መጣ። ሁሉ ፊት፣ በጋሼ አፍ፣ እየተለመነች። ሚጣን አየቻት። ሚጣ ፈረሰኛውን ከሳጥኑ አውጥታ እንደ ሕፃን አቀፈችው።

ወርክሾፕ ሲመለሱ ሌላው ሰው ወጥቶ ነበር። ሁለቱ መስኮቱ ስር ተቀመጡ፤ ሚጣ ፈረሰኛውን በሁለት እጇ ያዘችላት። የእትዬ ብረት የሚጀምረው ከጥቁር ነው፣ ሌላ መንገድ አታውቅም። ጥቁሩን ነክራ ብሩሹን ሰይፉ ላይ ስታስጠጋው፣ ያቺ ፀጉር የመሰለች ነጭ መስመር በመስኮቱ ብርሃን ታበራ ነበር። የእትዬ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ቀቢው እንጂ» አለች ሚጣ፣ «ብሩሹ ላይ ይደርቅብሻል።»

ቀባችው። ከጫፉ እስከ እጀታው ጠቆረ። ወደ ደረቱ ስትሻገር ቃሉ ሳታስበው አመለጣት። «ሚጣዬ፣ መብራቱን አይቼው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ሚጣ። ድምጿ ላይ ቁጣ የለም። «አናጢው ነግሮኛል።»

«መቼ?»

«መቆሚያውን ያመጣ ዕለት። ብርሃንና ጥላውን ገልብጬ ብሠራው ሁለት ቀን ይበቃኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሠራሽውም?»

ሚጣ ፈረሰኛውን ለብሩሹ እንዲመች ትንሽ አዞረችላት። «አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ቀኑ አለፈ።»

እትዬ የብረት ልብሱንም አጥቁራ ጨረሰች፤ ጥቁሩ እስኪደርቅም ጠበቁ። ሲደርቅ ሚጣ ብርማውን ቀለም ከፍታ አቀረበችላት፣ የሱፉንም እራፊ ከመሳቢያው አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት። እትዬ ነከረች፣ ጠረገች፣ ዳበሰች፣ አሸች። እጇ አልተሳሳተም፤ እንደዚያን ቀን ብረት ቀብታ አታውቅም። ሚጣ የጠረጴዛውን መብራት ወደ ታች አውርዳ ከስር አበራችበት፤ ሰይፉ እስከ ጫፉ ቦግ አለ።

«ያምራል፣ እትዬ» አለች።

ከልቧ ነበር። እትዬ ያን ፊት ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ሲዋሽም ሲያዝንም ታውቀዋለች፤ አሁን የሚዋሽ ፊት አልነበረም። ሚጣ ያለ ቅናት እንዲህ ማለት መቻሏን አየችና፣ እራፊውን እንደጨበጠች፣ በዚያም ቀናችባት።