አዲሱ አሰልጣኝ እኛ ግቢ ተከራየ

ጋሼን ከአሰልጣኝነት ማንሳታቸውን የሰማሁት በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የተመለሱ መጻሕፍትን ወደ መደርደሪያቸው ስከት ነው። አብሮን ኳስ የሚደግፍ አንድ የሒሳብ መምህር እያለከለከ መጣና ድምፁን ዝቅ ማድረግ እንኳ ረስቶ፣ «ሰማሽ? ጋሼን አነሷቸው!» አለኝ። የሚያነቡት ተማሪዎች ቀና ቀና አሉ። ዝም በሉ ማለት ያለብኝ እኔ፣ «ምን?» ብዬ ከእሱ በላይ ጮኽኩ።

ጋሼ የኮሌጃችንን የእግር ኳስ ቡድን ለብዙ ዓመታት ያሠለጠኑ የስፖርት መምህር ናቸው። እውነቱን ለመናገር ዋንጫ አምጥተውልን አያውቁም። ቡድናቸው ሲጫወት ማየት ግን ደስ ይላል። ኳሷ ከእግር እግር ትሄዳለች፣ ተከላካዩ ሁሉ ወደ ፊት ይነጉዳል፣ ሦስት አግብተን አራት ይገባብናል። ተሸንፈን እንኳ እየዘፈንን ነበር ወደ ቤት የምንሄደው። የዘፈኑን ከበሮ የምመታው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ፣ ልጆቿን ለቁም ነገር ያደረሰች ሴት ከበሮ አንግታ እዩልኝ ብለው የሚስቁ ነበሩ፤ ኋላ ላይ ለመዱኝ።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ለቡድኑ ለውጥ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ» ይልና ያቆማል። ከሥራ ስንወጣ ፒያሳ ያለች አንዲት ካፌ ውስጥ ተሰበሰብን። መምህሩ፣ ተማሪው፣ የጥበቃ ሠራተኛው ሁሉ ተናዷል። ማኪያቶው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ብዙ ከተጯጯህን በኋላ አንድ ነገር ላይ ተስማማን፦ አዲሱ ሰውዬ ቅዳሜ ቡድኑን ይዞ በሚገባበት የመጀመሪያ ጨዋታ ሁላችንም እንገባለን፣ እንቀመጣለን፣ ግን ትንፍሽ አንልም።

«አንቺ ከበሮሽን ይዘሽ እንዳትመጪ» አለኝ የሒሳብ መምህሩ። «እጅሽ አያስችልሽም።»

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለው ቤታችን ስገባ፣ ሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ጎልማሳ ቁጢጥ ብሎ ታኬታውን በቡሩሽ ያጥባል። እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። እናቴ፣ አባቴ እዚህ በመምህርነት ሲመደብ ከጎጃም አብራው መጥታ እዚሁ የቀረች ሰው ናት፤ ተከራይ የምትመርጠው በሰላምታ አሰጣጡ ነው።

«አዲሱ ተከራያችን ነው» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። «ከድሬዳዋ ነው የመጣው። የስፖርት አስተማሪ ነው። ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲል ብታዪው!»

ሰውዬው እጁን ጠራርጎ መጣና ለእኔም ጎንበስ አለ። «የኮሌጁ ቡድን አሰልጣኝ ሆኜ ነው የመጣሁት» አለ። «እርስዎም እዚያው ነው የሚሠሩት አሉኝ።»

ደሜ ፈላ። ይህ ሁሉ ቤት ባለበት ከተማ እኛ ግቢ!

«እኔ የጋሼ ደጋፊ ነኝ» አልኩት።

ትንሽ አየኝና፣ «ከበሮ የሚመቱት እርስዎ ነዎት?» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ተጫዋቾቹ ነገሩኝ። ከበሮውን ስንሰማ እግራችን ይቀለናል ይላሉ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ይከብዳቸዋል» ብዬው ገባሁ።

እናቴ ተከትላኝ ወጥ ቤት ገባች። «እንግዳ ሰው እንዲህ ይናገሩታል?»

«እማ፣ በጋሼ ቦታ የገባ ሰው እኮ ነው!»

«እሱ ነው ያስነሳቸው?»

«አይደለም፣ ግን…»

«ታዲያ ምን አደረገሽ?»

ጥያቄዋ ይብስ አናደደኝ።

ቅዳሜ እንደተባባልነው ገባን፣ ተቀመጥን፣ ዝም አልን። እንዲህ ያለ ዝምታ ሜዳ ላይ አይቼ አላውቅም። ታኬታ ሣሩን ሲቧጥጥ፣ ኳሷ ስትመታ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከአጥሩ ውጪ የሚያልፉ የባጃጆች ጥሩምባ ሳይቀር ይሰማል። መጀመሪያ ላይ ኮራሁ። እንዴት ዓይነት ደጋፊዎች ነን፣ አንድ ሰው እንኳ ቃሉን አላፈረሰም አልኩ። ሜዳው ላይ ደግሞ የፈራነውን አየን፦ ቡድኑ በሙሉ ከኋላ ተደርድሮ ኳስ በመጣች ቁጥር ወደ ሰማይ ይጠልዛል። «ይኼ ነው ለውጡ?» አለኝ የሒሳብ መምህሩ በሹክሹክታ።

ከእረፍት በኋላ አንዲት ቀላል ኳስ ከበረኛችን እጅ ሾልካ ገባች። ይህ በረኛ ጎል ሲገባበት የምንዘፍንለት ዘፈን አለው፤ አይዞህ የምንለው በዚያ ነው። ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ወደ እኛ ቀና አለ። ጠበቀ። ዝም አልን። እጆቼን ጉልበቶቼ መሀል ጨምቄ ያዝኳቸው።

በዚያች ጎል ተሸነፍን። ፊሽካው ሲነፋ ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። አምበሉ ብቻ፣ መጽሐፍ ሲዋስ በደንብ የማውቀው ረጅም ልጅ፣ እስከ አጥሩ መጣ። የሚቆጣን መስሎኝ ነበር።

«ጋሼም ሄዱ» አለ። «እናንተም ሄዳችሁ?»

የሒሳብ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ያልቆሸሸውን ይጠርግ ጀመር።

ቤት ስደርስ አሰልጣኙ ግቢያችን ያለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። እናቴ የአሳ ወጥ አቅርባለት አልነካውም። ላልፈው ነበር፤ አልቻልኩም።

«ለምንድነው ሁሉንም ከኋላ የምትደረድራቸው?» አልኩት።

እንደ ስድብ አልወሰደውም። «የመሀል ተከላካዮቹ ተመርቀው ሄደዋል» አለ። «አሁን ያሉት አዲስ ናቸው። ብዙ ጎል እንዳይገባባቸው ፈራሁ።»

«ፈራህ?»

«ፈራሁ። ልጆቹ በእኔ ምክንያት መሳቂያ እንዳይሆኑ።»

አሰልጣኝ ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዛፉ የወደቁትን አቮካዶዎች ሰብስበን መሬቱ ላይ አሰለፍናቸው። እኔ ጋሼ እንዴት ያጫውቱ እንደነበር አሳየሁት፣ እሱ በየት በኩል ሜዳው እንደሚከፈት አሳየኝ። አንዱን አቮካዶ ወደ ፊት ስገፋው እሱ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

«ምግብ ነው እኮ!» አለች እናቴ ከበረንዳው። «አትጫወቱበት!»

«ጋሼን አናግረሃቸዋል?» አልኩት።

«በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።»

እሑድ ከሰዓት በባጃጅ ሄድን። ጋሼ የሚኖሩት ወደ ሐይቁ ዳርቻ ነው፤ ስንደርስ የግቢያቸውን አጥር ሲከረክሙ አገኘናቸው። እኔን አይተው ፈገግ አሉ፣ ከኋላዬ ያለውን ሲያዩ ፈገግታው ቆመ።

«እሱ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

መቀሱን መሬት አስቀመጡ። «ግቡ» አሉ።

ከተቀመጥን በኋላ ፊት ለፊት አዩት። «አልዋሽህም ልጄ፣ ከፍቶኛል። ጠርቶ ያናገረኝ የለም። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ከሰሌዳው ላይ ነው ያነበብኩት።»

አሰልጣኙ ጆሮው ቀላ። «እኔ ይህን የሰማሁት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው» አለ። «ሳልመጣ አውቄ ቢሆን ቀድሜ እርስዎን አነጋግር ነበር።»

የጋሼ ባለቤት ከጓዳ ብቅ ብለው በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገሯቸው። ጋሼ ሳያስቡት ሳቁ። «እንግዳውን ሳታበላው አትውቀሰው ነው የምትለኝ» ብለው ተረጎሙልን። ቡርሳሜ የሚባለው በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ ቀረበ፣ በላን። የእንሰቱ ሽታና ሙቀቱ ክፍሉን ትንሽ አለሳለሰው።

ጋሼ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ «የበረኛው ትከሻ እንዴት ሆነ?» አሉ።

«ትከሻው ምን ሆኗል?» አለ አሰልጣኙ።

«አልነገረህም? አምና ወልቆበት ነበር። እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ያመዋል። ለአዲስ ሰው አይናገርም፤ ከቡድኑ እንዳትቀንሰው ይፈራል።»

አሰልጣኙ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ በኋላ እኔ ተረሳሁ። ማን ሲቆጡት እንደሚሻለው፣ ማን ሲቆጡት እንደሚጠፋበት፣ ማን ከቤቱ ስልክ ሲደወልለት ልቡ እንደሚሸፍት፣ አንድ በአንድ አነሱ። እኔና የጋሼ ባለቤት በረንዳው ላይ ወጥተን፣ በእሳቸው ትንሽ አማርኛና በእኔ ትንሽ ሲዳምኛ ስለ ልጆቻችን አወራን። ሐይቁ ላይ ነፋስ ነበር፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዳር ዳሩን ይንጎራደዳሉ።

ስንሰናበት ለጋሼ፣ «እርስዎ እስኪመለሱ ዝም እንላለን» አልኳቸው።

ተቆጡኝ። «ለእኔ ብላችሁ ልጆቹን አትቅጡብኝ። ከተናደዳችሁ ቢሮ ሄዳችሁ ተናደዱ።»

እንዳሉት አደረግን። ጥቂት ሆነን የሚመለከታቸውን ኃላፊ አነጋገርናቸው። ሻይ ጋበዙን፣ አዳመጡን፣ ለውጡ አስፈላጊ ነበር አሉን። እኛም ሰውን ያህል ነገር በሰሌዳ ማሰናበት ነውር ነው አልናቸው። ውሳኔው አልተቀየረም። ግን ብለነው ወጣን፣ ቀለለን።

በሚቀጥለው ጨዋታ ከበሮዬን አንግቼ ገባሁ። ገና የመጀመሪያውን ስመታ አምበሉ ሜዳው መሀል ቆሞ እየሳቀ እጁን ራሱ ላይ አደረገ። ተጠባባቂው በረኛ ነበር የገባው፤ ዋናው ትከሻውን እያስታመመ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሁላችንም በላይ ይጮሃል። ቡድኑ አሁንም ጠንቀቅ ይላል፣ ግን ኳስ ሲይዝ ይወጣል። ሁለት አግብተን ሁለት ገባብን። ከእረፍት መልስ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ ጋሼ ናቸው። ሕዝቡ አይቷቸው ስማቸውን እየጠራ መጨፈር ሲጀምር፣ ወደ ሜዳው እየጠቆሙ «ወደዚያ! ወደዚያ!» አሉ በንዴት። ዳኛው የቅጣት ምት ሲከለክለን ግን ብድግ ብለው ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

የውድድሩን ዓመት በደረጃ ሰንጠረዡ መሀል ላይ ሆነን ጨረስን። ጋሼን ያነሱበት መንገድ አሁንም ያናድደኛል፤ ካፌዋ ውስጥ ሲነሳ አሁንም ማኪያቶ ይቀዘቅዛል። አሰልጣኙ ግን ዛሬም ተከራያችን ነው። ሚስቱ ከድሬዳዋ መጥታ ተቀላቅላዋለች፣ እናቴም በሰላምታዋ ከእሱ አስበልጣ ወዳታለች። እኔን «እርስዎ» ማለት ትቶ «አንቺ» ይለኛል፤ ስንከራከር እንዲህ ይቀለናል።

እሑድ እሑድ ጋሼ እኛ ግቢ ይመጣሉ። አዲሱ የውድድር ዓመት ተጀምሯልና፣ ያለፈው እሑድ ስለ ግራ ክንፍ ተጨቃጨቅን። ሁለቱ አሰልጣኞች ልምድ ያለው ልጅ ይሰለፍ ብለው ተባበሩብኝ፤ እኔ አዲሱ ልጅ ይግባ ብዬ ብቻዬን ቀረሁ። አንድ ጨዋታ እንኳ አይታ የማታውቀው እናቴ ምስር እየለቀመች ስትሰማን ቆየችና፣ «እሷ ያለችውን ልጅ አስገቡት» አለች።

«የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ እማማ?» አለ አሰልጣኙ።

«አላውቅም። ግን እናንተ ሁለት ናችሁ፣ እሷ አንድ ናት።»

ትናንት አሰልጣኙ ያልኩትን ልጅ አስገባው። ጎል አላገባም። ግን ጥሩ ሮጠ።