«ጊዜ ስጡት»

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አሜሪካ መጥተው ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ፓርኪንግ ሲሠሩ ነው የኮሌጅ ፉትቦል፣ ያንን በእጅ የሚይዙትን የአሜሪካኖቹን ኳስ፣ ማየት የለመዱት። ቡድናቸው በተሸነፈ ቁጥር የሥራ ጓደኛቸው «ይሄ አሰልጣኝ አይረባም፣ ይባረር!» ብለው ይጮኹ ነበር። የጋሼ መልስ ሁሌም አንድ ነበር፦

«አዲስ ነው እኮ። እኛስ ስንመጣ ምን እናውቅ ነበር? ጊዜ ስጡት።»

ከጋሼ ቀብር በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ያለው ቤታቸው ለቅሶ ተቀምጠን፣ ልጃቸው «ዛሬ ጌም አለ» አለና ቲቪውን ድምፁን አጥፍቶ ከፈተው። ቡድኑ እየተመራ ነው። ስኮሩን አየሁት፤ ምንም አልተሰማኝም። የጋሼ ወንበር ላይ የለቀስተኛው ኮት ተከምሯል።

ያ «ይባረር!» ባዩ የሥራ ጓደኛቸው ስኮሩን አዩና «አዲስ ነው፤ ጊዜ ስጡት» አሉ።

ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞር አሉ። የሚከራከራቸው የለም።