ከኮሶው በፊት

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ታላቅ እህቴ፣ ሮቤ ከተማ በሚገኘው የእናታችን ቤት ኮሶ ጠጣች። አራት ሰዓት ገደማ ከጓሮ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ወደቀች።

ኮሶውን ያዘጋጀችው እናቴ ናት፤ ምክንያትም ነበራት። እህቴ ከመስከረም ጀምሮ ከሁላችንም በላይ እየበላች ትከሳለች። በእኛ ሰፈር ጥሬ ሥጋ የማይበላ የለም፤ እየበላ የሚከሳ ሰው የሆድ ትል አለበት ይባላል፤ መድኃኒቱም ኮሶ ነው። ባሏ «ጎተራውን ጨርሳለች፤ ቀጥሎ እኔን ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር። «አንተን ምን ብዬ እበላለሁ? አጥንት ብቻ ነህ» ትለዋለች።

እኔ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ፣ ከጋዜጣ ሥራዬ ፈቃድ ወስጄ መጥቻለሁ። ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። በሮቤ ብርድ ጋቢዋን ገፍፋ ትተኛለች። ውኃ ስታቀብለኝ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ግማሹ ይፈስሳል። የአንገቷ እንቅርትም አድጓል። ይህን ስናገር እናቴ የራሷን አንገት ዳበስ አደረገች።

«ይኼን? እኔም አለኝ፣ አያትህም ነበራት። እንቅርት የገደለው ሰው ታውቃለህ?»



ያን ሐሙስ እህቴን ከደጃፉ አንስተን መደብ ላይ አስተኛናት። እናቴ ወደ ጓዳ ሄደች።

«የትሉ ራስ አልወጣም። ነገ ጠዋት ይደገምላታል።»

«ከደገምሽላት ትሞታለች።»

«አንተ ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም። ጎባ ግን ሐኪም አለ።»

 ተመልሳ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የእህቴ ቀሚስ ደረቷ ላይ በልቧ ምት ይነሳ ይወድቅ ነበር። እናቴ እጇን እዚያ ላይ አኑራ ቆየች። «ኢንታላ ኮ» አለች፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች። «መኪና ፈልግ። እኔም እመጣለሁ።»

ገብስ የጫነ መኪና አገኘን። እህቴ ጋቢና ውስጥ፣ እኛ ጆንያው ላይ ሆነን ጎባ ገባን።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ የተቀበለን የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ የእህቴን ዓይንና ምላስ አየ።

«ምን ጠጣች?»

«ኮሶ» አልኩ።

«ታዲያ በሽታው ተገኘ። ኮሶ አድክሟት ነው። ስኳር በጥብጣችሁ አጠጧት፤ ቤት ወስዳችሁ አሳርፏት።» ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ልከራከር አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ተቆጥታ ነበር።

«ኮሶዬ ምን አደረገ? ኮሶውን የጠጣችው ዛሬ ነው። የከሳችው ከመስከረም ወዲህ ነው። ልቧ ሲዘል፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ በብርድ ሲያልባት ኮሶ የት ነበር?»

ድሬሰሩ ዞሮ አያት። «እማማ፣ እስቲ ይድገሙት።»

ደገመችው። በዚህ ጊዜ በዝግታ ነበር፤ የእንቅልፏን መጥፋትና ያለ ምክንያት መቆጣቷንም ጨመረች። ድሬሰሩ የእህቴን የእጅ ትርታ ይዞ ሰዓቱን እያየ ቆጠረ። ሳይጨርስ ተነስቶ ሐኪሙን ሊጠራ ሄደ።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ድሬሰሩ አስተረጎመለት። ሐኪሙ የእህቴን ሁለት እጆች ወደ ፊት አስዘርግቶ ጣቶቿ ላይ ወረቀት አኖረ። ወረቀቱ ተንቀጠቀጠ። ከኋላዋ ቆሞ አንገቷን እየዳበሰ ምራቋን እንድትውጥ አዘዛት።

«እንቅርቱ ከልክ በላይ የሚሠራ ይመስለኛል» አለ በአስተርጓሚው። «እየበላች የሚያከሳት፣ ልቧንም የሚያሮጠው እሱ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን ግን አዲስ አበባ መመርመር አለባት።»

«እንቅርት?» አለች እናቴ። «እኔን ምን አደረገኝ ታዲያ?»

ሐኪሙ የእሷንም አንገት ዳበሰ። «የእርስዎ አብጧል እንጂ ሰውነትዎን አላወከም። ሁሉም እንቅርት አንድ አይደለም።»

«ልትቆርጧት ነው?»

«ሳናውቅ አንቆርጥም። ኮሶ ግን አይደገምላት፤ ልቧ አይችለውም።»

 እናቴ ቀጥላ የጠየቀችው የአዲስ አበባው አውቶቡስ መቼ እንደሚነሳ ነበር።

እህቴ እዚያው ተኝታ ጉልበቷ እስኪመለስ ጠበቅን፤ ከዚያ ሦስታችንም ሄድን። አዲስ አበባ እህቴ ለምርመራ ደም ሰጠች። ውጤቱ በየካቲት ደረሰ፤ የአዲስ አበባው ሐኪም በሽታው ከእንቅርቱ መሆኑን አረጋገጠ። የዚያኑ ቀን መድኃኒት ጀመረች።