አዴ ደሚቱ በእማማ ጥሩነሽ ግድግዳ ስር የተቀመጠችበት ቀን

አላመንኩም።

ጠዋት አንድ ጓደኛችን ደውሎ «አዴ ደሚቱ አረፈች» ሲለኝ «የትኛዋ ደሚቱ?» አልኩት። ነቀምቴ ውስጥ ስንት ደሚቱ አለች። ስልኩን ዘግቼ እሷው ጋ ደወልኩ። ታነሳዋለች ብዬ። ያነሳችው ልጇ ሶሬቲ ናት። ለቅሶዋን ብቻ ሰማሁ።

ለማታውቋት፦ አዴ ደሚቱ፣ «አዴ» በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፣ ልጆቿን በግንባታ የቀን ሥራ፣ ድንጋይና አሸዋ ተሸክማ ያሳደገች ሴት ናት። ጉልበቷ ሲደክም ቤቷ አልተቀመጠችም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛን በጎ ፈቃደኞችን ሰብስባ የአቅመ ደካሞችን ቤት ታስጠግነን ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ። ጭቃ ማቡካት፣ ሚስማር መምታት ያስተማረችኝ ግን እሷ ናት። ፎቶ ሊያነሳን የመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ ጫማውን አስወልቃ ጭቃ ታስረግጠዋለች። «አንቱ» ስላት ደግሞ ትቆጣለች። «አንቺ በይኝ፣ ገና አላረጀሁም!»

አንድ ቀን ልንገራችሁ።

ክረምት ነው፣ ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን። በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ውስጥ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ፣ በልጅነታቸው ከጎጃም መጥተው እዚሁ ያረጁ ብቸኛ እናት አሉ። የጓዳቸው ግድግዳ ዝናብ ጠጥቶ ወደ ውስጥ አዘንብሏል። ልክ አልጋቸው ላይ።

ጊዜውን ታውቁታላችሁ። ከጊዳ አያና በኩል የግጭት ወሬ በመጣ ቁጥር ጎረቤት ጎረቤቱን በጎን የሚያይበት ጊዜ ነበር።

አጣናችንን ተሸክመን ስንደርስ አጥሩ ጋ አንድ ጃንጥላ የያዘ ጎረቤት ቆሟል። በኦሮምኛ «የራሳችን ሰው ጣራ እያፈሰሰ እናንተ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አለን።

እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ። ስሜን እንዳይጠይቀኝ ከሌሎቹ ኋላ ቆምኩ። አዴ ደሚቱ አጣናዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ሁሌ የምትለውን አለችው፦

«የማን ቤት ነው አትበለኝ። የት ጋ ነው የሚያፈሰው በለኝ። ያንተም ካፈሰሰ እመጣለሁ።»

እሱም ከአጥሩ አልሄደም።

እማማ ጥሩነሽ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ውጡ ብንላቸው እምቢ አሉ።

«ከወጣሁ ማን ይመልሰኛል? የባሌ አስከሬን የወጣው ከዚህ ቤት ነው። እኔም ከዚሁ ነው የምወጣ።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። ከግድግዳው ጭቃ እየተፈረፈረ ትራሳቸው ላይ ይወድቃል። ከኛ አንዱ «ተሸክመን እናውጣቸው» አለ።

«እንዳትነኳቸው!» አለች አዴ ደሚቱ። ገብታ አጠገባቸው፣ እዚያው ግድግዳ ስር ቁጭ አለች። ከዚያ ወደኛ ዞራ «ደግፉት። ጀባዳ! በርቱ!»

አጣናውን ግድግዳው ላይ አስደግፈን ያዝን። ወለሉ ርጥብ ነው፤ እግሩ ይንሸራተትብናል። እሷ በዝግታ «እማማ፣ የቤቱ ካርታ የት ነው?» ትላለች።

ከጉያቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ።

«ኢንታላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ጮክ ብለሽ አንብቢው። ውጭ ድረስ ይሰማ።»

አነበብኩ። የእማማን ስም፣ የቤት ቁጥሩን፣ ሁሉንም። ስጨርስ አዴ ደሚቱ በመስኮቱ ባለ ጃንጥላውን ጠራችው።

«ሰማህ? የእሳቸው ቤት ነው። እስኪያልቅ እኔ ጋ ይቆያሉ፣ ሲያልቅ እዚሁ ይመለሳሉ። አንተ ምስክር ነህ። እንደዛ ነው ወይስ አይደለም?»

አጣናው በእጄ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል።

«እንደዛ ነው» አለ በመጨረሻ።

እማማ ተነሱ። ደግፋቸው ወጣች፣ እኛም አጣናውን ለቀን ተከተልን። ከደጁ ሳንርቅ ግድግዳው ወረደ። አልጋው አልታየንም፣ ጭቃ ብቻ።

አዴ ደሚቱ ያን ጊዜ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ «ፈርቼ ነበር እኮ» አለችኝ።

ቤቱን ለመጨረስ አምስት ቅዳሜ ፈጀብን። ፍልሰታ ሲገባ ጴንጤዋ አዴ ደሚቱ ለእማማ የጾም ወጥ በሌላ ድስት ትሠራላቸው ነበር። ጎረቤትየው አንድም ቀን መጥቶ ጭቃ አልረገጠም። ግን ቃሉን ጠበቀ፤ እማማ ሲመለሱ ማንም ምንም አላላቸውም። ዛሬ ለቅሶ ቤት ስደርስ እማማ ጥሩነሽ ቀድመውኝ መጥተዋል። ሶሬቲን አቅፈው ይዘዋታል፣ አይለቋትም።

አዴ ደሚቱ፣

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ ልናገር። ባለፈው ቅዳሜ ጉቴ አንድ ቤት ጣራ ስንመታ፣ መሰላሉ መሃል ቆመሽ ደረትሽን ስትይዢ አይቼሻለሁ። ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር። «ትንሽ ነው፣ ያልፋል» አልሽኝ። ውረጂ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ማለት ነበረብኝ። ደመናውን አየሁና፣ ዝናቡ ሳይቀድመን ቆርቆሮው ተመትቶ ይለቅ ብዬ «ሚስማር ላቀብልሽ?» አልኩሽ።

አንቺ ብትሆኚ እኔን እንደዚያ ትተሽ አትሠሪም ነበር። ይቅር በይኝ።

ነጋቲ፣ ሃርሜ ኮ። ደህና ሁኚ እናቴ። ቀስ ብለሽ እረፊ፤ ከእንግዲህ ማንም አያስቸኩልሽም።